የሰማ ላልሰማ ያሰማ፦ የወረርሽኝ ዘመን መልእክት ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ

ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚናገረው የነፋስ በር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። የደጋው ድንችና ገብስ ከቆላው ጤፍና ማሽላ ጋር በገበያዋ ይገናኛል። ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚመጣው ገበያተኛ ግን ይዞ የሚመለሰው ጨውና ዘይት ብቻ አይደለም። ወሬም ይዞ ይመለሳል። የእህል ዋጋ፣ የዝናብ ነገር፣ የታመመ ሰው፣ በሽታ የገባበት ቀበሌ የሚሰማው በገበያ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ተሰራጨው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተሰበሰበው ምርትና ስለ ተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማኅበር ማለት ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ገመድ ነውና በዚያ ገመድ ላይ በክፉ ቀን ምን እንደሚያልፍ መመርመርም ያስፈልጋል። በተለይም ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ፌስቡክና ቴሌግራም ወደ ገጠሩ ኑሮ በገቡበት ዘመን ጥያቄው የሁሉም አባል ሆኗል። በሽታ በመጣ ጊዜ ወሬው ወደ አርሶ አደሩ እንዴት ደረሰ? ማንስ አመነው? ምን ጠቀመ፣ ምንስ ጎዳ?

የቀደሙት ወረርሽኞች ታሪክ ሲታይ አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል። መልእክት ሕይወት የሚያድነው ስለ ፈጠነ ብቻ አይደለም። በሚታመን ሰው አፍ ሲደርስና ከታች የሚነሣው ጥያቄም ወደ ላይ ሲሰማ ነው።

የነጋሪት ዘመን

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በአዋጅ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ይናገራል። ከአዋጁ ጋር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ቃል ይታወቃል። በዚህ ቃል መሠረት መልእክቱን የሰማ ሁሉ መልእክተኛ ይሆናል። አንዱ ገበያተኛ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለማኅበርተኛው እያለ ቃሉ እስከ ሩቁ ጎጥ ይደርሳል።

ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነው የቆየ የወረርሽኝ ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በሰኔ ወር 1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ ኮሌራ ገባ። የንጉሡ ሠራዊት በብዛት ተጠጋግቶ ይኖር ስለ ነበር ሞቱ በረታ። በዚያን ጊዜ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በንጉሡ እጅ ነበር። ንጉሡ ምክር ሲጠይቁት ሠራዊቱ ቆላውን ለቅቆ ወደ ቤጌምድር ደጋ እንዲወጣ፣ በሽተኞቹ ከደብረ ታቦር ራቅ ብለው እንዲቆዩ፣ ጤነኛው ወታደርም በየቦታው እንዲበተንና አዲስ የሚታመመው ለብቻው እንዲለይ መከረ። ንጉሡም ምክሩን ተቀበሉ። ሐኪሙ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ገለጸው በሽታው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠፋ። «ርቀትን መጠበቅ» የተባለው ነገር ለደቡብ ጎንደር የ2012 ዓ.ም. እንግዳ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ምክሩ የሠራው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ተናግሮ፣ የሚያዘው ሰው ሰምቶ፣ ሕዝቡ በተግባር ስላዋለው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው «ክፉ ቀን» ነው። በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት ደስታ በሽታ ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዛመተ። ከመቶ ከብት ከዘጠና በላይ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ ረኀብ ሆነ፣ ረኀቡን ተከትሎም ኮሌራ፣ ፈንጣጣና ተስቦ መጡ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለመኳንንቱ አርአያ መሆናቸው የሚነገረው ከዚህ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ወሬው ቢሰማም ከበሽታው ቀድሞ መድረስ አልቻለም። በአንድ አገር ከብት እንዳለቀ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በሽታው ከደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነበር።

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ደግሞ «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሕዝብ እስከ 10 ሺህ ይገመታል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሽታው በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። በውጭው ዓለም «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው ግን ከስፔን ስለ ተነሣ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚዋጉት አገሮች የበሽታውን ዜና ሲያፍኑ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው የስፔን ጋዜጦች በግልጽ ስለ ጻፉ ነው። እውነቱን የተናገረ ስሙ ጠፋ፣ የደበቁት ግን ሕዝባቸው ሳይዘጋጅ ተያዘ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአገራችን አባባል ለመንግሥታትም ይሠራል።

ሥዕል ይዞ ገበያ የወጣው ዘመቻ

ዘመናዊ ጤና ጥበቃ ከተስፋፋ በኋላም የመልእክት ችግር አልተወገደም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ ወትሮ ወባ በማያውቃቸው ወይና ደጋዎች ላይ ወረደ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ቢሆንም የሠለጠነው ሰው ገና ጥቂት ነበር። መንገድ፣ ስልክም ሆነ ጤና ጣቢያ በሌለበት መንደር ስንት ሰው እንደ ታመመ የሚናገር መልእክተኛ አልነበረም።

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ግን ሌላ መንገድ አሳየ። ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። የበሽተኛ ሕፃን ፊት የሚያሳይ ሥዕል ይዘው ገበያና ትምህርት ቤት ገብተው «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሰው ሥዕሉን አይቶ «አዎ፣ ከወንዙ ማዶ አለ» ይላል። ሠራተኛው ወደዚያው ይገሰግሳል፣ በሽተኛው ይለያል፣ በዙሪያው ያለው ሰው ይከተባል።

ሕዝቡ ለክትባት እንግዳ አልነበረም። ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስዶ በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ መክተብ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቆየ ልማድ ነበር። ይህ በአንድ በኩል ሐሳቡን ለማስረዳት ረዳ፣ በሌላ በኩል አሮጌው አከታተብ ራሱ በሽታውን ስለሚያዛምት አዲሱን ማስለመድ ትዕግሥት ጠየቀ። በመጨረሻም በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በባሌ የተገኘው በሽተኛ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕሙም ሆነ።

ለአርሶ አደሩ ቅርብ የሆነ ሌላ ምሳሌም አለ። በክፉ ቀን አገር የፈጀው የከብት ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውጇል። በአገራችን የመጨረሻው የትግል ቦታ ከነበሩት አንዱ አፋር ነበር። የመንግሥት ከታቢ በማይደርስበት በረሓ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው ከከብቱ ጋር እየተጓዙ ከተቡ። ከብቱ የማን እንደ ሆነና የት እንደሚሰማራ ያውቁ ስለ ነበር የውጭ ሰው ያልቻለውን ሠሩ።

ከታች የተነሣው ድምፅ ሲዘገይ

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ታሪክ የደረሰው እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴና ከሌሎችም ወረዳዎች ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። በእነዚያ ቆላዎች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ካላ አዛር የሚባል በሽታ አለ። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል።

ይህ በሽታ በሊቦ ከምከም ተነሥቶ ሰው ሲጥል በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር። ምንነቱ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፍተው በሺህ የሚቆጠር ሰው ታከመ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ስሙ ባልታወቀ በሽታ ብዙ ቤት አዝኗል። የሟቾቹ ዘመዶች «ይህ ትኩሳት እንደ ለመድነው ወባ አይደለም» ይሉ ነበር። የጎደለው ይህን ድምፅ ሰብስቦ በቶሎ ወደ ላይ የሚያደርስ መስመር ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. መጀመሩ ይህን ክፍተት ለመሙላት ትልቅ እርምጃ ሆነ። በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ነፍሰ ጡር ክትትል አስተማሩ። እንደ ግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁሉ እነርሱም መንደሩን በስም የሚያውቁ፣ መንደሩም በስም የሚያውቃቸው ሆኑ። ይህ ትውውቅ ኋላ በኮሮና ጊዜ ትልቅ ሀብት ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም.

የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያው ወር መጨረሻ በአማራ ክልልም በሽተኛ በመገኘቱ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዴትና በቲሊሊ ከተሞች ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፣ ተሽከርካሪዎችም በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ።

ለከተሜው ይህ ከባድ ነበር። ለጋይንት ገበሬ ደግሞ ነገሩ ኑሮውን ከሥሩ የሚነካ ሆነ። የገጠር ሕይወት የተመሠረተው በመሰባሰብ ነው። ደቦውም፣ ሰንበቴውም፣ ጽዋውም፣ ለቅሶውም ሰው ይፈልጋል። ወሩ የዐቢይ ጾም ነበር፣ ሚያዝያ 11 ቀንም ፋሲካ ዋለ። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በዓሉን እንዲያከብሩ ሲነገር ብዙ አረጋውያን በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ነገር ነው። ከዚህም ሌላ ወቅቱ ማዳበሪያና ዘር ወደ መሠረታዊ ማኅበራት የሚገባበት፣ አርሶ አደሩ ለመኸር እርሻ የሚዘጋጅበት ነበር። እርሻ ቢቆም የሚመጣው ረኀብ ከበሽታው የማይተናነስ መሆኑን ከክፉ ቀን ታሪክ መረዳት አያዳግትም። ስለሆነም ሥራው ሳይቆም ጥንቃቄው እንዲጠበቅ የሚያስችል መልእክት አስፈላጊ ሆነ።

በዚህ ጊዜ የእጅ ስልክ ያደረገው አስተዋጽኦ ከቀደሙት ዘመናት ሁሉ የተለየ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ድምፁን በኮሮና ማስጠንቀቂያ ተካው። ማንም ሰው ዘመዱን ሲደውል፣ ከወዲያ በኩል እስኪነሣ ድረስ እጅ ስለ መታጠብና ርቀት ስለ መጠበቅ ይሰማል። ይህ መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንበብም አይጠይቅም፣ ባለ ቁልፉንም ስልክ ይደርሰዋል። ከዘመናዊው ዘዴ ሁሉ ለነጋሪቱ የቀረበው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ8335 ነጻ መስመር ደውሎ መጠየቅም ይቻል ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ8028 የግብርና ምክር መስማት የለመደ አርሶ አደር በስልክ ምክር መቀበል አዲስ አልሆነበትም።

በማኅበራዊ መገናኛ በኩል ደግሞ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የተመረመረውን፣ የተያዘውን፣ ያገገመውንና የሞተውን ቁጥር በፌስቡክና በትዊተር ይገልጹ ነበር። ስማርት ስልክ ያለው ተማሪ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ወደ ወላጆቹ ሲመለስ ይህን ቁጥር ይዞ ገባ። በብዙ ቤት ማታ ማታ ልጅ አነበበ፣ አባት አዳመጠ፣ እናት ጠየቀች። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ውጭ አገር ያሉ ልጆችም እየደወሉ «እማዬ ገበያ አትውጪ፣ አባዬ ለቅሶ ቤት አትቆይ» እያሉ መከሩ። በአንድ ጎጥ ውስጥ ስማርት ስልክ ያላቸው ጥቂት ቢሆኑም በእነርሱ አማካይነት የሚሰማው ሰው ብዙ ነበር።

ያላጣራ አያሰማ

ፈጣኑ መንገድ ግን ለእውነትም ለሐሰትም እኩል ክፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ከመጀመሪያው ከበሽታው ጋር የሐሰት ወሬ ወረርሽኝም እየተዛመተ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። በአገራችንም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ በሽታውን ያድናሉ የሚል ወሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገር አዳረሰ። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋም በከተሞች አሻቀበ። ነጭ ሽንኩርት የሚበላ ነገር ነውና ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል። ጉዳቱ ያለው «ይህን በልቻለሁና አይዘኝም» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ገበያ በሚውለው ሰው ላይ ነው። በኢራን ደግሞ አልኮል በሽታውን ይገድላል የሚል ወሬ ሰምተው መርዛማ አልኮል የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

በሽታው ጥቁርን አይነካም፣ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለው ወሬም ሌላ ጉዳት አስከተለ። በአንዳንድ ቦታ የውጭ አገር ሰዎች ተዋከቡ። ከከተማ የመጣ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ታየ፣ የታመመም መገለልን ፈርቶ ደበቀ። በዚያው መጋቢት 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ሕግ አስፈላጊ ቢሆንም ወሬ የሚገታው በሕግ ብቻ አይደለም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለው ሰሚው ራሱ እንዲያመዛዝን ነው። ለማመዛዘን ደግሞ የሚጠየቅ ሰው በአቅራቢያ መኖር አለበት።

ከስልኩ እስከ ደጃፉ

እዚህ ላይ ነው የቀደመው ኅብረተሰባዊ ገመድ ሥራውን የሠራው። በስልክ የመጣውን ወሬ አርሶ አደሩ ያጣራው ከሚያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን «ይህ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የንስሐ አባቱ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የዕድሩ ዳኛ ምን እንዳሉ አዳመጠ። የሃይማኖት ተቋማት አባቶች በጋራ ለአንድ ወር በቴሌቪዥን ያካሄዱት ጸሎትና ምክር ከሳይንሱ ቃል ጋር የማይጋጭ መሆኑን ሲሰማ ልቡ ረጋ።

መልእክቱ ወደ ተግባር የተለወጠውም በእነዚሁ ሰዎች ነው። ቢጫ ጀሪካን ተበስቶ፣ ቧንቧ ወይም የተቀረፈ እንጨት ተሰክቶበት በየደጃፉና በየማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ለእጅ መታጠቢያ ተሰቀለ። ማዳበሪያ የሚወስደው አባል ተራውን ጠብቆ እንዲገባ ማድረግ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣ በጎጥ ለይቶ መንገር የመሠረታዊ ማኅበር ሥራ ነው። የአባላቱ መዝገብ፣ የጎጥ ተወካዩና የሂሳብ ሠራተኛው ስልክ ቁጥር በማኅበሩ እጅ አለና። በሰላሙ ቀን ለማዳበሪያ የተዘረጋው መስመር በክፉ ቀን የጤና መስመር ይሆናል።

ዕድርም እንዲሁ ነው። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የማድረስ ልማድ በአካባቢው ከአምቡላንስ በፊት የነበረ ነው። ለቅሶ በሚከለከልበት ጊዜ ሐዘንተኛውን በስልክ ማጽናናት፣ እህሉንና እንጨቱን በተራ በደጅ አስቀምጦ መመለስ የሚቻለው የተራ ደንብ ያለው ማኅበር ሲኖር ነው።

በመጨረሻ በኢትዮጵያ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ሰው መያዙና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ክትባት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮሮና ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን አስታወቀ።

መስመሩ ሲቋረጥ

የንፋስ መውጫና የአካባቢው ሕዝብ ግን ከኮሮና ጋር ብቻ አልታገለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። በነዋሪው ላይ ግፍ ተፈጸመ፣ ሆስፒታሉም ተጎድቶ ተዘረፈ። በዚያን ጊዜ ስልክ ኖሮም ጥቅሙ ውስን ነበር። ለታመመው የቀረለት ጎረቤቱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ገባ። ጠበልተኛው ከብዙ አገር የሚመጣና ወደ ብዙ አገር የሚመለስ በመሆኑ በሽታው አብሮት እንዳይጓዝ ፈጣን መልእክት ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ በነበረው የጸጥታ ችግር የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ፌስቡክና ቴሌግራም ዝም አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ማታ ማታ ለአባቱ ያነብ የነበረው ልጅ የሚያነበው አጣ። መልእክቱ መጓዝ የነበረበት እንደ ጥንቱ በሰው እግር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደብተር ነበር።

ይህ የቅርብ ጊዜ ገጠመኝ ከቀደሙት ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ስልኩን ብቻ ተማምኖ የሰዉን ገመድ የተወ ኅብረተሰብ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ጆሮም አፍም ያጣል። የሰዉን ገመድ ብቻ ይዞ ስልኩን የናቀም እንደ ክፉ ቀኑ ገበሬ ወሬውን የሚሰማው በሽታው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው።

ለሚመጣው ቀን

ከዚህ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚወጣው ትምህርት በተግባር የሚገለጽ ነው። አንደኛ፣ የአባላት መዝገብ በየጎጡ ተለይቶ፣ የስልክ ቁጥር ያለውና የሌለው ታውቆ፣ ስልክ ለሌለው አባል ማን እንደሚነግረው አስቀድሞ ቢወሰን መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ከስልክ የመጣ የበሽታ ወሬ ከጤና ጣቢያ ሳይጣራ በማኅበሩ ስም እንዳይነገር መስማማት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አባሉ ያየውን እንግዳ በሽታ፣ የሰውም ይሁን የከብት ወይም የሰብል፣ በቶሎ የሚያስመዘግብበትና በሚቀጥለው የገበያ ቀን መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት መኖር አለበት። የሊቦ ከምከም ሕዝብ ያጣው ይህንን ነበር፤ የፈንጣጣው ዘመቻ ያሸነፈውም በዚህ ነው። አራተኛ፣ መስመር ሲቋረጥ በእግር የሚሄደው መልእክተኛ ማን እንደ ሆነ በሰላሙ ቀን ስሙ ይጻፍ።

እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። መዝገቡ አለ፣ ጎጡ አለ፣ ዕድሩ አለ፣ ገበያው አለ። የሚቀረው አንዱን ከሌላው ማያያዝ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለዚሁ ነው።

ነጋሪቱ ዛሬ በገበያ አይሰማም። ቃሉ ግን አላረጀም። በሚመጣው የበዓል ዘመንም የማኅበሩ አባል ሁሉ አስቀድሞ ያጣራ፣ ያጣራውን የሰማ ላልሰማ ያሰማ፣ ያልገባው ደግሞ ሳያፍር ይጠይቅ። መልካም የምሥረታ በዓል።